የወንጂ ወገብ በማን ሂሳብ ይወራረድ?

አዳማ ላይ ፋብሪካ ወይም መጋዘን የሚያቅድ ባለሀብት ጥያቄው የታወቀ ነው፡፡ ሊዙ ስንት ነው? ለሞጆ ደረቅ ወደብ ምን ያህል ይቀርባል? መብራቱስ ይቆራረጣል ወይ? ውሃ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ "ጉድጓድ ይቆፈራል" ተብሎ ይታለፋል፡፡ ከጉድጓዱ የሚወጣው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ገዢም ሆነ ደላላ እምብዛም አይገኝም፡፡

መልሱ ያለው ሩቅ አይደለም፣ ወንጂ ነው፡፡ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ሲከፍት ከከምባታና ከሀዲያ ጭምር የመጡ ሠራተኞች በአገዳው ማሳ መሀል በተሠሩ መንደሮች ሰፈሩ፡፡ የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነበር፡፡ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ አለት ደግሞ ፍሎራይድን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ይህ ንጥረ ነገር በወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ተገኝቷል፡፡ ሽታ የለውም፤ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም፡፡

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በልዞ ተገኝቷል፡፡ (ስኳር ጥርስ ያበላሻል የሚለው ቀልድ ወንጂ ላይ አያስቅም፡፡) የበለዘ ጥርስ ቢያሳፍር እንጂ ከሥራ አያግድም፡፡ የሚያግደው አጥንት ውስጥ የሚገባው ነው፡፡ ውሃውን ለረጅም ዓመታት የጠጡ የስኳር ልማቱ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደረቀ አንገት ማዞርና ማጎንበስ ተሳናቸው፤ ነርቫቸው ተጨቁኖ እግራቸው የከዳቸውም አሉ፡፡ ጉልበቱን ሸጦ የሚኖር አገዳ ቆራጭ ካላጎነበሰ ምን ይሸጣል? በኋላ ማጣሪያ ተተክሏል፤ የደረቀ አከርካሪ ግን አይመለስም፡፡

ሂሳቡ በማን ላይ ይውደቅ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም ሠራተኛው እንዲሠራ ከተገደደበት አካባቢ የሚመጣውንም ይጨምራል፡፡ ወረድ ብሎ ደግሞ በአካባቢው የተለመዱ ነዋሪና ተዛማች በሽታዎችን፣ እነሱን ለመከላከል ከተሰማሩ ሠራተኞች በስተቀር፣ ያወጣል፡፡ ለአሠሪ ጠበቃ ይህ ሰፊ በር ነው፡፡ "ፍሎራይዱ የሸለቆው እንጂ የድርጅቱ አይደለም" ማለት ይቻላልና፡፡ ክርክሩ ግን ውሃ አይቋጥርም፡፡ ወባን የምታመጣው ትንኝ የማንም ቅጥረኛ አይደለችም፡፡ ጉድጓዱን የሚያስቆፍረው፣ ቧንቧውን የሚዘረጋውና ሠራተኛውን እዚያው የሚያሰፍረው ግን ድርጅቱ ነው፡፡ ሕግ አውጪው ይህን ልዩነት በግልጽ ቢጽፈው ተከራካሪም ዳኛም ይገላገል ነበር፡፡

ወጪ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፡፡ ሞጆ ላይ ከከብት አጥንት በሚዘጋጅ ከሰል ማጣራት ተሞክሯል፤ ነገር ግን ከሰሉ በየጊዜው መለወጥ አለበት፡፡ ለአነስተኛ ድርጅት ከዚህ ይልቅ ተጣርቶ የሚከፋፈል የአዋሽን ውሃ መግዛት ይሻለው ይሆናል፤ የወንዙ ፍሎራይድ ከጥልቅ ጉድጓዶቹ ያነሰ ነውና፡፡ የላቦራቶሪ ምርመራ ግን ለማንም አይከብድም፡፡ ከሞጆ እስከ መቂና ዝዋይ ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላ "የራሱ ጉድጓድ አለው" እያለ ዋጋ ሲሰቅል ገዢው ከካርታው ጋር የውሃውን ውጤት ይጠይቅ፤ ወረቀቱ ላይ ከ1.5 በላይ ከተጻፈ የማጣሪያው ወጪ ከዋጋው ይቀነስ፡፡