የታሰረ ጥርስና የቤት ምግብ

የተዛነፈ ጥርስን በሽቦ አስሮ ማስተካከል በአገራችን ከተሞች እየተለመደ የመጣ ሕክምና ነው። በተለምዶ «ብሬስ» ይባላል። በየጥርሱ ላይ ትንንሽ ማያዣዎች በማጣበቂያ ይለጠፉና በእነርሱ በኩል ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሽቦው ጥርሱን በዝግታ ይገፋዋል፤ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ፣ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት እየተተካ ጥርሱ ቦታውን ይለውጣል። ይህ በችኮላ የሚፈጸም ባለመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጃል፤ ከዚያም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ጥርሱ የታሰረ ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እየበላ ይክረም?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ይሰማል። አንዳንዶች፣ ዘመናዊ ሕክምና ዘመናዊ ምግብ ይሻልና ከሱቅ ብስኩት፣ ኬክና የታሸገ ጭማቂ ይገዛለት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጥርስ የተፈጠረው ለመቆርጠም ነው፤ ከቤተሰቡ የተለየ ምግብ መፈለግ ቅብጠት ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። መለወጥ የሚገባው ምግቡ ሳይሆን አዘገጃጀቱ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ወደ ፎገራ ሜዳ ወስደን እንመልከተው። በወረታ አካባቢ በምትገኘው በቁሐር ሚካኤል የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥርሱን ታሰረ እንበል። ሐኪሙ የሚገኘው ባሕር ዳር ቢሆን መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ማያዣ በተነቀለ ቁጥር የመኪና ዋጋ ይወጣል፤ የአንድ ቀን ትምህርት ይቀራል፤ ሕክምናውም ይራዘማል። ማያዣውን የሚነቅለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ሳይሆን ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎ ነው።

ይሁን እንጂ ቆሎ የሆነው ገብስ ራሱ በደል የለበትም። ያው የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ወይም በቅቤና በጨው ታሽቶ ይበላል። ሽቦውንም አይነካም። እህሉ አንድ፣ ምጣዱም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ወፍጮው ብቻ ነው። ሽምብራም እንዲሁ ነው። በፎገራ ሩዙ ከታጨደ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት የሚዘራው ይህ ሽምብራ ተቆልቶ ሲቆረጠም ጠላት ነው፤ በሽሮ መልክ ሲቀርብ ግን ወዳጅ ይሆናል። አድሮ በውኃ የራሰና እስኪፈርስ የተቀቀለ የሽምብራ ንፍሮም ቢሆን ጉዳት የለውም። የበቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው አይጋጥ፤ ፍሬው ተፈልፍሎ ይቀቀል። ሥጋ በጥርስ እየተጎተተ ከሚበላ ተከትክቶ ምንቸት አብሽ ይሠራ። ጎመን ጭረቱ በሽቦው ላይ ስለሚጠመጠም አስቀድሞ በደቃቁ መከተፍ አለበት። ሸንኮራ አገዳ ግን በየትም መንገድ ቢዘጋጅ ለታሰረ ጥርስ የሚበጅ አይመስለኝም፤ እስከ ማሰሪያው መፈቻ ቀን ቢቆይ ይሻላል።

የፎገራ ሰው በዚህ ረገድ የታደለ ነው ማለት ይቻላል። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአካባቢው መመረት ከጀመረ ወዲህ የብዙ ቤት ምግብ ሆኗል። የፎገራ ከብትም በወተቱ የታወቀ ነው። በወተት ለስልሶ የበሰለ ሩዝ ለታመመ ድድ ከዚህ የተሻለ ምን ሊገኝለት ይችላል? ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ግን ሲያድር ስለሚደርቅ ትኩሱን መብላት፣ ያደረውን ደግሞ በወጥ ማራስ ያስፈልጋል። የጣና ዓሣም ለስላሳ ነው፤ ሆኖም እሾሁ በሽቦው መካከል እንዳይሰካ ተለቅሞ ይቅረብ።

ሽቦው በታሰረበትና በየጊዜው በሚጠብቅበት ወቅት ሕመሙ የሚጠናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ገንፎ፣ አጥሚትና ፍትፍት ይበቃሉ። ብረቱ የከንፈርን ውስጥ ስለሚልጥ በርበሬ የበዛበት ወጥ ያቃጥላል፤ አልጫ ይመረጣል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ የአልጫው እርድ ሽቦውን የሚይዙትን ትንንሽ ላስቲኮች ቢጫ ያደርጋቸዋል። ይህ መልክን እንጂ ጤናን አይነካም፤ ላስቲኩም በሚቀጥለው ቀጠሮ ይለወጣል።

በጾም ወራት ወተቱም ቅቤውም ይቀራል። ያን ጊዜ ክክ ወጥ፣ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍትና በውኃ የተበጠበጠ በሶ አሉ። የጾም ምግብ ጠንካራ ነው የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

ወደ ሱቁ ምግብ እንመለስ። ብስኩትና ኬክ ለስላሳ ስለሆኑ ብቻ ደኅና ይመስላሉ። ነገር ግን ስኳራቸውና ሊጣቸው በማያዣው ዙሪያ ይጣበቃል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን የላይኛ ሽፋን ይበላዋል። ሽቦው በተፈታ ጊዜ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ሳለ በየማያዣው ቦታ ዙሪያ ነጭ ምልክት ይቀራል፤ ሲብስም ጥርሱ ይቦረቦራል። ስኳር የበዛባቸው ለስላሳ መጠጦችም ከዚህ የተለየ ሥራ የላቸውም። ለማስተካከል ገንዘብ የወጣበትን ጥርስ ገንዘብ አውጥቶ ማበላሸት ምን ይባላል! እርግጥ ነው፣ እንጀራና ሽሮም በሽቦው መካከል ይቀራሉ። ስለዚህ ከምግብ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናም በብሩሽ ማጽዳት ግድ ነው። የለመድነው መፋቂያ ከሽቦው ሥር ሊገባ ስለማይችልና ማያዣውንም ሊያላቅቅ ስለሚችል ለጊዜው ብሩሽ ይተካው።

አሁን የሚቀረው፣ ይህን ሁሉ ማን ያዘጋጅ የሚለው ነው። እናት ለአንድ ልጅ ብቻ ሌላ ድስት ትጣድ ማለት እንጨቱን፣ ውኃውንና ድካሙን አለማየት ነው። ቀድሞውንም ሌላ ድስት አያስፈልግም። የቤተሰቡ ወጥ ሲወጣ ከዚያው ተቀንሶ ሊደቅቅ፣ እንጀራውም ሊፈተፈት ይችላል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ቢላዋ ይዞ ሥጋውንና ጎመኑን ለራሱ መክተፍ፣ በሶውንም መበጥበጥ አያቅተውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ምናልባት የጎረቤት ቡና ነው። ቆሎ ሲዘገንለት እጁን የሚሰበስብ ልጅ ኩሩ ተብሎ ሊታማ ይችላል። ብዙዎች ልጆች ጉዳቱን እያወቁ የሚቆረጥሙትም ይህን ሐሜት ፈርተው ነው። «እትዬ፣ ጥርሴ ታስሯል፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል» ብሎ በትሕትና መናገር ነውር የለበትም። ባለቤቲቱም ነገሩን ከተረዱ ከቆሎው ጎን ጥቂት ንፍሮ ማቅረብ አይከብዳቸውም። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ በመጡ ጊዜ ያው ንፍሮ ይቀርብ የለምን?