ሙቀቱ ለቀፎው እንጂ ለማሩ አይሁን

ከመተማ ወዲያ ማር የሚያስጭኑልን ንብ አርቢዎች ሰሞኑን በሾፌር በኩል አንድ መልእክት ደጋግመው ይልካሉ፤ «ስትመለሱ የመዥገር መድኃኒት ያዙልን፣ ንባችንን ተባይ ጨረሰው» ይላሉ። የሚፈልጉት ለከብት መዥገር የሚረጨውን አሚትራዝ ነው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዝቶ በሻንጣ ማሻገር ቀላል ነው፣ ትርፍም አለው። እኛ ግን ይህን ዕቃ ማሻገር የለብንም ባዮች ነን። የሰጠናቸው መድኃኒት በጀሪካን ተሞልቶ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛው ሱቅ ነውና።

ተባዩን እንወቀው። በአገራችን ከድሮ ጀምሮ የንብ ቅማል የሚባለው ስድስት እግር ያለው፣ ክንፍ የሌለው ትንሽ ዝንብ ነው፤ ጉዳቱም ብዙ አይደለም። ቫሮዋ ሌላ ነው። እንደ መዥገር ስምንት እግር አለው፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል፣ መጠኑ ከጤፍ ቅንጣት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። መነሻው የእስያ ንብ ነች፤ በቅርብ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥም መኖሩ ተረጋግጧል። እጩ ያለበት ቀዳዳ በሰም ከመታሸጉ በፊት ሾልኮ ይገባና እዚያው ይራባል። እጩን እየመጠጠ ክንፏ የተጨማደደ ንብ እንድትወጣ የሚያደርግ ቫይረስም ያስተላልፋል። ስለዚህ «ተባይ» ሲሉን የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ለንብ ቅማል ብሎ ቀፎ ውስጥ መርዝ መክተት ለአይጥ ብሎ ጎተራ እንደ ማቃጠል ነው።

ኬሚካሉ ቀፎ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? አሚትራዝ ራሱ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ የሚወጣው ነገር ግን ማሩ ውስጥ ይቀራል። ለቫሮዋ የሚሸጠው ፍሉቫሊኔት ደግሞ ሰም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያ ሰም ቀልጦ ተመልሶ ቀፎ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ቫሮዋው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ኅብረት ማር መሸጥ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስትገባ የመድኃኒት ቅሪት ቁጥጥር ማድረግ ግዴታዋ ሆኗል። ሱዳን የአገራችን ማር የቆየ ገዢ ነች። የካርቱም ደንበኛ ወረቀት አይጠይቀንም፤ ማሩን ግን ከሐባ ሶዳ ጋር ለታመመ ልጁ የሚሰጠው እንደ መድኃኒት አድርጎ ነው።

መርዝ የማይፈልግ መንገድ አለ፤ እሱም ሙቀት ነው። ንብ እጯን የምታሳድገው በ34 እና በ36 ዲግሪ መካከል ነው። የታሸገ እጭ የያዘው ፍሬም ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ለተወሰነ ሰዓት ሲቆይ እክዳኑ ሥር የተደበቀው ቫሮዋ ይሞታል፣ እጩ ይተርፋል። ቅሪት የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ማሞቂያዎች አውሮፓ ውስጥ ይሸጣሉ፤ ቼኮች በፀሐይ የሚሞቅ ቀፎም ሠርተዋል።

«ታዲያ ካርቱም በግንቦት 45 ዲግሪ ይገባ የለም ወይ? ቀፎውን ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው» የሚል አይጠፋም። ንብ ግን ሞኝ አይደለችም። ውጪው ሲነድ ውኃ ቀድታ እንጀራው ላይ ትረጫለች፣ በክንፏ ታራግባለች፣ የእጩን ቤት እንደ ልማዷ ታቀዘቅዛለች። ቀፎን ፀሐይ ላይ ማስጣት ቫሮዋውን አይገድለውም፤ ንቧን ከማር ሠሪነት አውጥቶ ውኃ ቀጂ ያደርጋታል፣ ከባሰም መንጋው ጥሎ ይኮበልላል።

ሙቀቱ የራሱ ጣጣ እንዳለው አንደብቅም። ፍሬም ይፈልጋል። ከጭቃ፣ ከቀርከሃ ወይም ከግንድ በተሠራው ባህላዊ ቀፎ ውስጥ ግን እንጀራው ከቀፎው ጋር የተጣበቀ ነው፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ንብ ደግሞ የሚኖረው እዚያ ነው። ሁለት ሦስት ዲግሪ ካለፈም እጩ ይሞታል፣ አዲስ እንጀራ ይላላል። እጩ ብቻ ሲሞቅ በትልልቆቹ ንቦች ላይ የተንጠለጠለው ቫሮዋ ስለሚቀር መድገም ግድ ነው። ለባህላዊ ቀፎ ባለቤት የምንለው ንቧን ተዋት ነው። ደቡብ አፍሪካ ቫሮዋ በ1990ዎቹ ገብቶ የአገሩ ንብ አብዛኛው ያለ መድኃኒት ተቋቁሞታል፤ የአፍሪካ ንብ ከፈረንጁ ንብ ይልቅ ጠንካራ ነች።

በማኅበር ተደራጅተው በዘመናዊ ቀፎ ለሚያረቡት ወጣቶች ግን ከመርዝ ይልቅ ልክ ዲግሪውን የሚጠብቅ አንድ የማሞቂያ ሣጥን ብናስመጣላቸው ይሻላል። ገንዘቡን ከመካከላችን አዋጥተን እናበድር፣ እነሱ በማር ይክፈሉን። አንድ ሣጥን በተራ ለብዙ ቀፎ ይሆናል። በመጀመሪያ ግን የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከልን ያማክሩ፣ በሁለት ሦስት ቀፎም ይሞክሩት።

እግረ መንገዳችንን የእኛንም በኩል እናንሳ። ሙቀት ማሩ ላይ ሲያርፍ ሌላ ታሪክ ነው። ማር ሲረጋ ደንበኛው ስኳር የገባበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጀሪካኑን ከሰል ላይ የሚጥድ ነጋዴ አለ። የተጋለ ማር ሽታውን ያጣል፣ ኤች ኤም ኤፍ የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምርበታል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለዚህ በኪሎ ከ40 ሚሊ ግራም በላይ አይፈቅድም፤ ከሞቃት አገር ለመጣ ማር እንኳ ወሰኑ 80 ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በግንቦት የከረመ ማር ያለ እሳትም ወደዚያ ይሄዳል። የረጋውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማቅለጥ ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሽታው ይተርፋል።

በጋላባት በኩል ለሚመጣው ቀጣይ ጭነት እያንዳንዱን ሻጭ «በዚህ ዓመት ቀፎህ ውስጥ ምን መድኃኒት ገብቷል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ከስሙና ከቀበሌው ጋር በደረሰኙ ጀርባ እናስጽፍ። ገባ ያለውን ማር ለብቻው እናስቀምጠው፣ ከሌላው ጋር አንቀላቅለው።