ፊደልን ስለሚያጎድል ሰንጠረዥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። መልአክ ያወጣውን ስም ኮምፒውተር አልጽፍም ቢልሳ ጥፋቱ የማን ነው? ውድ አንባብያን፥ ይህን የምጠይቀው የኮርያ ፊደል በኮምፒውተር የደረሰበትን ተመልክቼ ነው።

ንጉሥ ሴጆንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1446 ያወጀው የሃንጉል ፊደል አሠራሩ የተደላደለ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መነሻ፥ አናባቢና መድረሻ ፊደሎች ባንድ ላይ ተያይዘው አንድ ክፍለ ቃል ይሆናሉ። ዛሬ በሚሠራበት አኳኋን 19 መነሻዎች፥ 21 አናባቢዎችና 27 መድረሻዎች ሲጣመሩ፥ መድረሻ የሌላቸውም ተቆጥረው፥ 11,172 ክፍለ ቃላት ይወጣሉ።

ይሁን እንጂ ደቡብ ኮርያ በ1987 ያወጣችው የኮምፒውተር ፊደል ሰንጠረዥ እያንዳንዳቸውን በሙሉ ቅርጻቸው የያዘው 2,350ዎቹን ብቻ ነበር። የቀሩት 8,822 ከደጅ ቀሩ። በ1990 በቴሌቪዥን የታየ የአንድ ድራማ ርእስ እንኳ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል በሰንጠረዡ አልነበረም። ስማቸው ሳይጻፍ የሚቀርባቸውም ሰዎች ነበሩ።

አንዳንዶች «ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ቢቀር ምን ይጎዳል?» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ለሌላው ጥቂት የሆነው ለባለስሙ ሙሉ ስሙ ነውና።

ደግነቱ ዩኒኮድ በ1996 በወጣው ሁለተኛ እትሙ 11,172ቱንም በተራ አሰለፋቸው። ተራው ከዜሮ ይቆጠርና፥ የመነሻው ተራ በ21 ተባዝቶ የአናባቢው ይደመርበታል፤ ድምሩ በ28 ተባዝቶ የመድረሻው ይደመርበታል፤ በመጨረሻ 44,032 ሲጨመር የክፍለ ቃሉ ቁጥር ይገኛል።

ነገር ግን የቀድሞው ጽሑፍ ዛሬም በየመዝገቡ አለ። በአሮጌው ሰንጠረዥ አንድ ክፍለ ቃል ሁለት ባይት፥ በዩቲኤፍ-8 ግን ሦስት ባይት ይይዛል። ፕሮግራሙ በግምት ካነበበ ጽሑፉ ይዘበራረቃል፤ ያላወቀውን በጥያቄ ምልክት ተክቶ ካስቀመጠ ደግሞ የጠፋው ፊደል ተመልሶ አይገኝም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ እስኪገባ ድረስ አንዱ የጻፈውን ሌላው ኮምፒውተር ማንበብ ይሳነው ነበር።

ስለዚህ ነገ ፕሮግራም የምትጽፉ ጓደኞቼ ሆይ፥ ጽሑፍ ስትቀበሉ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደ ተጻፈ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ ገባ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ፤ ስታወጡም የሰንጠረዡን ስም ግለጹ። የማታውቁትን ፊደል ከመሰረዝ ሥራውን አቁሞ ስሕተቱን መናገር ይሻላል። የሰውን ስም በትክክል መጻፍ የሙያችን የመጀመሪያ ግዴታ ነው እላለሁ።