ሳያነቡ መፈረም፦ የአማርኛ ተናጋሪዎች ፈቃድ በአሜሪካ የሕክምና ምርምር

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሚደግፈው ምርምር ለሚሳተፍ ሰው፣ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የሚነገረው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ይኸው ደንብ ግን «አጭር ቅጽ» ለሚባል አሠራርም በር ከፍቷል። እንዲጠብ የምንጠይቀው ይህ በር ነው።

በአማርኛ የሚሰጠው አጭር ቅጽ የጥናቱ ዓላማ፣ ጉዳት፣ ጥቅምና አማራጭ ሕክምና በቃል እንደተነገረ ብቻ ይገልጻል። ጉዳቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። ምስክር ይፈርማል፤ ተሳታፊውም ይፈርማል፤ ዝርዝሩን የያዘውን ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደንቡ አጭሩ ቅጽ በምን ሁኔታ ብቻ እንደሚፈቀድ አይወስንም።

በቃል የሚተረጎመውስ? አንድ ቃል እንመልከት። ተሳታፊዎች በየምድቡ የሚደለደሉበት መንገድ ብዙ ጊዜ «በዘፈቀደ» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ቃል ለአማርኛ ሰሚ ያለ ሥርዓት፣ እንዳሻው ማለት ነው። «በዕጣ» ቢባል ግን ዕቁብ የገባ ሁሉ ይረዳዋል። «ፕላሴቦ» ደግሞ መድኃኒት መስሎ ፈዋሽ ነገር የሌለበት መሆኑ ካልተብራራ ባዶ ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የ«ሕክምና» እና የ«ምርምር» መደበላለቅ ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በሆስፒታል ውስጥ የሚያቀርበው ጥያቄ ሁሉ ሕክምና ይመስላል። ይህን ሁሉ በስልክ ላይ ለተገኘ አስተርጓሚ የጥቂት ደቂቃ ብልሃት መተው አይገባም።

ቃል ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ተስኪጊ ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል፣ ቂጥኝ ለነበረባቸው 399ኙ «መጥፎ ደም» እየታከመላችሁ ነው ይባል ነበር። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ተነፈጉት። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር፤ የተታለሉት «ሕክምና» በሚለው ቃል ነው። በ1974 የወጣው የብሔራዊ ምርምር ሕግም ሆነ የ1979ኙ የቤልሞንት ሪፖርት የተወለዱት ከዚህ ቁጣ ነው።

ትርጉም ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፣ ተመራማሪዎችም አማርኛ ተናጋሪዎችን ከነጭራሹ ይተዋሉ የሚል ክርክር አለ። ሥጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቤልሞንት ፍትሕ ያለው የምርምርን ሸክም ብቻ ሳይሆን ጥቅሙንም በእኩል መካፈልን ነው። ስለዚህ የትርጉም ወጪ ከመጀመሪያው በምርምር ድጎማው በጀት ውስጥ ይግባ።

በዋሽንግተን ዲሲ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ይሰጣል። እዚያው ከተማ የሚገኝ የምርምር ማዕከል አማርኛ ተናጋሪ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ሊል አይችልም። የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች አጭሩ ቅጽ ባልተጠበቀና ጊዜ በማይሰጥ ሁኔታ ብቻ እንዲሠራበት፣ ሙሉው ትርጉምም በአጭር ቀን ውስጥ ለተሳታፊው እንዲደርስ የሚያስገድድ ማሻሻያ እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።