መርዶ የቀሰቀሰኝ ኤግዚቢሽን

የምኖርባት በርክ ጸጥተኛ ናት። ሕዝቡ ጠዋት በባቡር ዋሽንግተን ይወርዳል፣ ማታ ደክሞት ይመለሳል። ላንፋንት ጣቢያ ከወረድን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ መግቢያውም ነጻ። ታዲያ ስንቶቻችን ገብተን እናውቃለን?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 እዚያ ሙዚየም «ኢትዮጵያን ፓሴጅስ» የተባለ፣ በውጭ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ሥራ የቀረበበት ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ያኔ ተማሪ ነኝ፤ ወሬውን ሰምቼ «ይደርሳል» ብዬ ተውኩት። በተከፈተ ሳምንት ሳይሞላው፣ ሜይ 4 ቀን፣ እስክንድር ቦጎሲያን አረፈ ተባለ። ለዓመታት በሃወርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው፣ የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሙዚየም ገና በ1960ዎቹ ሥዕሉን የገዛው እስክንድር! እኔም ያኔ ተነሣሁ። መርዶ ካልሰማን አንነሣም መቼም።

ሙዚየሙ አብዛኛው ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ወርጄ ስገባ ዓይኔን የያዙት የእትዬ ዲማ ፖልሰን የሸክላ ሰዎች ናቸው፤ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ገላቸው የተሰነጣጠቀ። ሴትዮዋ ኢትዮጵያ ተወልዳ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በዴንማርክ ያደገች ናት። እኛ አገር ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያልን፣ በጀበናዋ ቡና እየጠጣን ከማዕዳችን ስናርቃት ኖረናል። እዚህ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ትንፋሼን ውጬ ሸክላ ፊት ቆምኩ። አፈርኩም።

ድሬዳዋ ተወልዶ ፓሪስ የኖረው ሚካኤል ቤተ ሥላሴ ደግሞ ከወረቀት ቡኮ ሰውና አውሬ እየሠራ ደማቅ ቀለም ያለብሳቸዋል። ቅርጹና ቀለሙ እሱ ዘንድ ተጋብተዋል።

እስክንድር ጋ ስንደርስ ጉዳዩ ራሱ ቀለሙ ነው። «ምን ሣለ?» ያለ ሰው ይቸገራል። አንድ ነጠላ የለበሱ አባት አጠገቤ ቆመው፣

«ልጄ፣ ይሄ ምኑ ነው?» አሉኝ።

«እንጃ አባቴ።»

ዝም ብለው ቆዩና፣ «በሌሊት መንገድ ሄጄ አውቃለሁ። ልክ እንዲህ ነው» አሉ። እኔ በዲግሪዬ ያላየሁትን አዩት።

እስክንድር ከማረፉ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሶማሊያ እስር ወደ አሥር ዓመት ከማቀቀችው ከከበደች ተክለአብ ጋር «ኔክሰስ» የተባለ ትልቅ የአሉሚኒየም ቅርጽ ለዋሽንግተኑ ኤምባሲያችን ሠርቷል። እኔ ኤምባሲው ደጅ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ ለሰላማዊ ሰልፍ፣ አንዴ ለውክልና ወረቀት። ሁለቱንም ጊዜ ቀና ብዬ አላየሁትም።