«ሲስተም የለም» ሲባል የሚከፍለው ማን ነው?

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደባርቅ በገበያ ቀን «ሲስተም የለም» ከተባለ የባንኩ ሠራተኛ ደመወዝ አይቀነስበትም። ዕዳው የሚወድቀው ገብስና ስንዴ ሊገዛ መኪና ባቆመው ነጋዴ ላይ ነው። ገበሬው ብሩን ሳይጨብጥ እህሉን አያስረክብም፤ ሾፌሩም ለቆመበት ይጠይቃል። በማግስቱ ገበያው ተበትኗል።

ጉዳዩ የደባርቅ ወይም የዳባት ብቻ አይደለም። ባንኮቻችን ሒሳቡን ሁሉ በማዕከል ስላከማቹ ቅርንጫፍ ማለት አዲስ አበባ ወዳለው ኮምፒውተር የሚያይ መስኮት ነው። ደባርቅ የገባ ብር መርካቶ ላይ ወዲያው መውጣቱ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ መስመሩ ሲበጠስ ግን መስኮቱ ይዘጋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት የሚሠሩት የባንክ መተግበሪያዎች ለአብዛኛው ነጋዴ ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ ሸክሙም ወደዚያው መስኮት ተመለሰ።

እስከ 2014 ድረስ ባንኮች «ቴሌ ብቻ ነው ያለው» ቢሉ ያስኬዳቸው ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ምክንያቱ ሳስቷል። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ፤ ሁለት ውል በአንድ ገመድ ላይ ካረፈ መስመሩ አንድ ነው። የቆፋሪ ዶማ ሁለቱንም እኩል ይቆርጣል። ተጠባባቂ የሚባለው በሌላ መንገድ የሚመጣ ነው፤ ሳተላይትም ቢሆን። የወረዳ ኔት ዝርጋታ በ1990ዎቹ ሳተላይት ይዞ ወደ ገጠር ወረዳዎች መድረሱን እናስታውስ።

መስመር ሲጠፋ ቅርንጫፉ ለታወቀ ደንበኛ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ የተወሰነ ብር መክፈል መቻል አለበት የሚለው ሐሳብ ባንከኞችን ያስደነግጣል። ድንጋጤያቸው መሠረት አለው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በንግድ ባንክ በተፈጠረው የሲስተም ችግር 801 ሚሊዮን ብር ያህል ያለአግባብ መውጣቱን ባንኩ ራሱ ተናግሯል። ይሁንና ያ ገንዘብ የወጣው መስመር ጠፍቶ ሳይሆን ማዕከሉ መቆጣጠር አቅቶት ነው። ጣሪያ የተበጀለት የቅርንጫፍ ክፍያ ኪሳራው ቢመጣ እንኳ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ የማዕከሉ ስህተት ግን በአንድ ሌሊት አገር ያዳርሳል።

ደባርቅ ላይ ሒሳብ የሚከፍት ነጋዴ የወለዱን መጠን ከመጠየቁ በፊት ቅርንጫፉ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ ቢጠይቅ ይሻለዋል።