ስቡስ የማን ነው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እኅት ወደ ቢሯችን መጣች። ስሟን ሳንጠራ ታሪኳን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። አረብ አገር በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በመዘምራን ያገለገለች ልጃችን ናት። ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ለውበት ቀዶ ሕክምና ልትሄድ መሆኑን ነገረችንና «ጸልዩልኝ» አለችን። ከሆዷና ከጎኗ ስብ ተመጥጦ ወደ ዳሌዋ፣ ጥቂቱም ወደ ጉንጮቿ ሊገባ ነው። በየስልኩ «ቢቢኤል» እየተባለ የሚወራው ነገር ነው። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ደንግጠው «ልጄ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?» ቢሏት፣ የመለሰችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፦ «አባቴ፣ ስቡ እኮ የራሴ ነው። ከሰው አልወሰድኩ፣ ፕላስቲክ አላስገባ። ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?»

ያን ቀን የሰጠናት መልስ የሚያሳፍር ነበር። አንዱ ኤልዛቤልን ጠቀሰ፤ ሌላው ፈገግ አለ፤ የቀረነው ቸኩለን ጸልየን አሰናበትናት። ጥያቄዋ ግን የእውነት ጥያቄ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያኔ ልንሰጣት ይገባን የነበረው መልስ ነው። ክርክራችንም ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው «የራስህ ስለሆነ ምንም አይደለም» ብሎ የሚሰብከው ገበያ ነው። ሁለተኛው ያንን ስብከት እንድታምን ያዘጋጀናት እኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን።

አስቀድመን ነገሩን እንወቅ

ያላወቁትን መውቀስ የሰባኪዎች የቆየ በሽታ ነውና ነገሩን በቅጡ እንየው። ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ይመጥጣል፤ ደሙንና ፈሳሹን ይለያል፤ የተጣራውን ስብ ደግሞ በመርፌ ወደሚፈለገው ቦታ ያስገባል። ሰውነት የራሱን ስብ እንደ ባዕድ ነገር አይገፋውም። ሆኖም ስቡ በአዲሱ ቦታ አዲስ የደም ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ከገባው ውስጥ ከፊሉ በጥቂት ወራት ተመጥጦ ይጠፋል፤ ብዙዎችም ለሁለተኛ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ለሁለተኛ ጊዜም ይከፍላሉ።

ይህ ጥበብ የተጀመረው ዳሌ ለማስፋት አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኖይበር እ.ኤ.አ. በ1893 ከበሽተኛው ክንድ ስብ ወስዶ በፊቱ ላይ የጎደጎደ ጠባሳ ሞላበት። ሥራው ሲጀመር የተጎዳውን መጠገን ነበር ማለት ነው። ዛሬም በእሳት የተቃጠለን ፊትና በካንሰር ምክንያት የተቆረጠን ጡት ለመጠገን ይህንኑ ስብ የሚጠቀሙ ሐኪሞች አሉ። በአገራችንም በየካቲት 12 ሆስፒታል የተቃጠሉትን፣ በአለርት በሥጋ ደዌ የተጎዱትን በቀዶ ሕክምና ሲያቀኑ የኖሩ ሐኪሞች አሉን፤ እጃቸውን ጌታ ይባርክ። ደጉ ሳምራዊ ቁስልን በዘይትና በወይን ያከመበትን ምሳሌ (ሉቃስ 10፥34) የምንሰብክ ሰዎች ሕክምናን ልንጠላ አንችልም። መርፌውን አንኮንንም። ጥያቄያችን በመርፌው ምን እየተደረገ ነው የሚል ነው።

«የራሴ ስለሆነ አይጎዳኝም»

የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። በዳሌ ጡንቻ ውስጥ ወደ ልብ የሚመለሱ ወፋፍራም የደም ሥሮች ያልፋሉ። መርፌው አንዱን ከወጋ ስቡ በደም ተጭኖ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ሰውዬው እዚያው ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ ሊሞት ይችላል። ሳንባ ውስጥ ሲደርስ «የራሴ ነው» ማለት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካና ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ በዚህ ሕክምና ከ3,000 ሰዎች 1 ያህሉ እንደሚሞት ገመቱ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ሕክምናውን ለጊዜው እንዲያቆሙ መከረ። ከዚያ ወዲህ ስቡን ወደ ጡንቻ ሳያስገቡ ከቆዳ ሥር ብቻ በማኖር አደጋውን መቀነስ እንደሚቻል ሐኪሞቹ ይናገራሉ። ይህንንም መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን የታመመ ሰው ለመዳን ሲል አደጋን ቢቀበል አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛ ሰው ምንም ሳያመው በሞት ደጃፍ እንዲያልፍ «ቅናሽ አለ» ተብሎ ሲጋበዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ማስታወቂያው ከዳሌው በፊትና በኋላ ያለውን ፎቶ ያሳያል። 1 ለ3,000 የሚለውን ቁጥር ግን አያሳይም።

«የራሴ ስለሆነ ኃጢአት የለበትም»

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይጠልቃል። በዘሌዋውያን 3፥16 የመሥዋዕቱ ስብ ሁሉ የእግዚአብሔር ድርሻ እንደሆነ ተጽፏል። እንስሳውን ያሳደገው ሰውዬው ነው፤ የመገበውም እርሱ ነው፤ ስቡ ግን የእርሱ አልነበረም። ዛሬ በዚያ ሕግ ሥር አይደለንም፤ የብሉይ ኪዳንን የመሥዋዕት ሥርዓት ጎትተን በእኅቶቻችን ወገብ ላይ አንጭንም። ሕጉ ያስተማረው ነገር ግን አልተሻረም። ከእጃችን ካለው ምርጡ በመሠዊያ ላይ የሚቀመጥ እንጂ «የራሴ ነው» የሚባል አይደለም። ሐዋርያው በሮሜ 12፥1 ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ ሲለምነን፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ደግሞ በዋጋ የተገዛን ስለሆንን የራሳችን እንዳልሆንን ሲነግረን፣ ስባችንን፣ አጥንታችንን፣ ቆዳችንንም ጨምሮ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ስቡ ከማን ተወሰደ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «በየትኛው መሠዊያ ላይ ተቀመጠ?» የሚልም ነው። ገበያ የሚባል መሠዊያ አለ። ይህ አምላክ ደግሞ ፍላጎቱ ይለዋወጣል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ልጆች የነበርን እናስታውሳለን፤ በዚያን ዘመን በወላይታ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነበር። ወፍራም ሰው ከረሃብ የተረፈ፣ ቤቱ የሞላ ሰው ነው። ለጊፋታ ቅቤ የሚያጠራቅሙ እናቶቻችን ዛሬም ያንን ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ሆድ እንዲጠፋ፣ ዳሌ እንዲሰፋ ታዘዘ። የዛሬ 20 ዓመት ምን እንደሚታዘዝ ማን ያውቃል? ስቡን ከዚህ ወደዚያ ያዛወረች እኅት ያኔ እንደገና ልታዛውረው ነው? እግዚአብሔር አንድ ጊዜ ሠርቶ መልካም እንደሆነ ያየውን ሰውነት፣ ገበያው በየጊዜው «ገና ነው» እያለ ይመልሰዋል።

«ታዲያ ጠጉር መሠራት፣ ኩል መኳል፣ ጥርስ ማሳሰርስ?» የሚሉን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ውበት ኃጢአት አይደለም፤ የሜዳ አበቦችን ያለበሰ አምላክ ውበትን ይወዳል። ድንበሩን በሴንቲሜትር ለክተን ልንሰጥ አንችልም። የተሰበረውን በመጠገንና ደህናውን «ተሰብሯል» ብሎ በመፍረድ መካከል ግን ልዩነት አለ። ኩል ማታ ይታጠባል፤ ቢላዋ አይታጠብም። መካከል ላይ የሚወድቅ ጉዳይም ይኖራል። ከወሊድ በኋላ ሆዷ ተጎድቶ መንቀሳቀስ የሚከብዳት እናት ትኖራለች፤ ከልጅነት ጀምሮ በፊቷ ላይ ባለ ጠባሳ የተሳቀቀች ልጅ ትኖራለች። እነዚህ ከሐኪማቸው ጋር ይማከሩ፤ በጌታም ፊት ኅሊናቸውን ይጠይቁ። እኛ አንፈርድባቸውም።

ስቡን የሰረቁት ካህናት

እስከዚህ ድረስ የጻፍነውን ብዙ ሰባኪ በደስታ ይቀበለዋል። አሁን የሚከተለው ለእኛ ለአገልጋዮች ነው።

በ1ኛ ሳሙኤል 2 የእግዚአብሔርን ስብ የሰረቁት እነማን ነበሩ? ሕዝቡ አልነበሩም። ሕዝቡማ «መጀመሪያ ስቡ ይቃጠል» ብሎ ይለምን ነበር። የሰረቁት የኤሊ ልጆች፣ ካህናቱ ናቸው። አባታቸው ኤሊም ልጆቹን ከእግዚአብሔር ይልቅ አክብሮ ባለመከልከሉ ተወቅሷል። ያቺን እኅት ተከትለን ስንጠይቅ ያገኘነው እውነት ይህን ክፍል አስታወሰን።

አገልግሎታችን በቪዲዮ መቀረጽ ሲጀምር መዘምራኑ እንደገና ተደርድረው ነበር። ቀጫጭኖቹና ቀያዮቹ ወደ ፊት ቀረቡ፤ እርሷ ወደ ኋላ ተገፋች። «ለካሜራ እንዲመች ነው» ተባለ። የሰጠነው ትእዛዝ ባይኖርም አይተን ዝም ብለናል። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ጥሩ ልብስ የለበሰውን በክብር ወንበር፣ ድሃውን ከእግር በታች የሚያስቀምጥ ጉባኤን የሚገሥጸው እንዲህ ያለውን ነው። ከአረብ አገር ስትመለስ ደግሞ በር ላይ የተቀበልናት «ምነው ጠቆርሽ?» እና «ይሄ ሆድ ምንድን ነው?» እያልን እየሳቅን ነው። በባህላችን ይህ ፍቅር ነው እንላለን። ለእርሷ ግን ፍርድ ነበር። ገበያው መርፌውን ከማሳየቱ በፊት ቁስሉን ያቆሰልነው እኛ ነን።

በዚህ ላይ የብልጽግና ስብከት አለ። «የእግዚአብሔር ሞገስ በመልክህ ይታያል» እያልን፣ ሱፍና መኪናችንን የበረከት ማስረጃ አድርገን እየሰበክን፣ መላጣችንን ለማስሸፈን ስለ ቱርክ ዋጋ እየተጠያየቅን፣ እኅቶችን ብቻ «ዓለማዊ ሆኑ» ማለት ግብዝነት ነው። የምንሰብከው ጌታ በኢሳይያስ 53፥2 የሚማርክ መልክ እንዳልነበረው የተነገረለት ነው። የዚህች የወላይታ ቤተ ክርስቲያን አባቶችም በሱፍ አልታወቁም። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በመካከሉ እንደ ዋንዳሮ ያሉት ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። የእኛ ወንጌል የመጣው በጅራፍ ጠባሳ ላይ ተሳፍሮ ነው።

እግር የምታጥብ ቤተ ክርስቲያን

ለአካል እንዴት መጨነቅ እንዳለብን ለመማር ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በዞናችን ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በመሄድ በዝሆኔ የተያዙ ብዙ ወገኖች አሉ። ከ20 ዓመት በፊት በወላይታ የተደረገ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በዚህ በሽታ እንደተያዘ አሳይቷል። በሽታው አይተላለፍም፤ ሕዝባችን ግን ይሸሻቸው ነበር። ልጅ አይዳርላቸውም፤ ከጉባኤም ይርቃሉ። በሶዶ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ሐኪም ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለእነዚህ ወገኖች የጀመሩት ሥራ ብዙ ውስብስብ ነገር አልነበረውም፦ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ጫማ። ከዚያም ራሳቸው ሕመምተኞቹ ሌሎችን እንዲረዱ ሠለጠኑ። በእነዚያ እግሮች ላይ የተደረገው ጌታ በዮሐንስ 13 ያደረገው ነው።

ሁለቱን አነጻጽሩ። አንዱ ያፈረን ሰው ቀርቦ «ና፣ እግርህን ልጠብልህ» ይላል። ሌላው ያላፈረን ሰው አሳፍሮ፣ ከዚያ ኀፍረቱን ማስወገጃ ይሸጥለታል። ቤተ ክርስቲያን ከሁለቱ የትኛውን ትመስላለች?

ስለዚህ አገልጋዮች ሆይ፣ መጀመሪያ ንስሐ የሚገባው በእኛ ነው። ካሜራው ለመዘምራኑ ይስተካከል እንጂ መዘምራኑ ለካሜራው አይደርደሩ። በር ላይ ስለ ሰው ውፍረት፣ ክሳትና ጥቁረት መናገር ይብቃ። ስለ ሰውነት በመድረክ እናስተምር፤ በቢሮ የሚመጣውን ጥያቄም ሳንስቅ እንስማ።

እናንተ ይህን ሕክምና እያሰባችሁ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የምጠግነው የተሰበረ ነገር ነው ወይስ ሰው የሰደበውን ነው? ይህን ገንዘብ ያመጣው ላቤ ለምን ዓላማ ቢውል ጌታን ያስደስተዋል? ማንም ባያየኝ፣ ፎቶ የሚባል ነገር ባይኖር፣ አደርገው ነበር? መልሱን ለእኛ ሳይሆን በልባችሁ ለሚያያችሁ (1ኛ ሳሙኤል 16፥7) ስጡ። አድርጋችሁት ከሆነም የጌታ ማዕድ ለእናንተም ተዘርግቷል፤ ጸጋው በቀዶ ሕክምና አይሰረዝም።

ያቺን እኅት ሄደን አግኝተናታል። ሕክምናውን ታድርገው አታድርገው አልጠየቅናትም። የጠየቅናት ይቅርታ ነው። ዝም ብላ አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። በሚቀጥለው እሑድ ከፊተኛው መስመር ቆማ ዘመረች።

ጌታ ሆይ፣ ለአንተ የሚገባውን ስብ ከመሠዊያህ የወሰድን አገልጋዮችህን ይቅር በለን። በሠራኸው ያፈሩትን ልጆችህን አንተ ራስህ አቅፋቸው። አሜን።